የማይቆርጥ መቀስ

በሕይወቴ የአጥር መቀስ የገዛሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም የማይቆርጠውን መርጬ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ለአብዮት በዓል ሲባል በመንገድ ዳር ያለ አጥር ሁሉ እስከ ደረት ድረስ እንዲከረከም ቀበሌያችን አዘዘ። ቀራንዮ ያለው ቤታችን ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ የጽድ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ግቢውን ይጋርደዋል። ከጽዱ ጀርባ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ወጣቱ ለውትድርና በየመንገዱ ሲታፈስ እኛ ጓዳ ደበቅነው፣ ለሰዉ ግን ደብረ ብርሃን አጎታችን ዘንድ ሄዷል አልን። አጥሩ ካጠረ ሽንት ቤት ለመሄድ ግቢውን ሲያቋርጥ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል።

መርካቶ ያገኘሁት ነጋዴ ደግ ሰው ነበር። መቀሱን ገጥመሽ ወደ ፀሐይ አንሺው፣ በስለቶቹ መሀል ብርሃን ካሳለፈ ተይው፣ ብሎኑም ከተወዛወዘ አትንኪው ብሎ መከረኝ። አመስግኜ ብርሃን የሚያሳልፈውን፣ ብሎኑ የሚወዛወዘውን አነሳሁ። ነካ ያደረጋት ናት ብሎ ሳያስብ አይቀርም። የኔ ሐሳብ ግን በዚያ ዶልዷማ መቀስ እየተንቀረፈፍኩ በዓሉን ማሳለፍ ነበር።

መቀሱ ቅጠሉን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዞር ብዬ መስኮቱን አያለሁ፣ መጋረጃው ሲነቃነቅ ደግሞ በወንድሜ እናደዳለሁ። መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

እሁድ እኔና እናቴ ከቀበሌ ስብሰባ ስንመለስ መቀሱ ጠረጴዛ ላይ ያብረቀርቃል። ወንድሜ የጽዱን ሙጫ በላምባ አጥቦ፣ አናጢ በነበረው በሟቹ አባታችን ሞረድ ስለቱን ስሎ፣ ብሎኑን አጥብቆ ዘይት አጠጥቶታል። ላምባው የራታችን ማብሰያ ነበር። ለምን ዶልዷማ እንደገዛሁ አልነገርኩትም፤ የገባው መስሎኝ ነበር። "እጅሽ አሳዘነኝ" አለኝ።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃው መጥቶ መቀሱን ሞከረና ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም አለ። ከፊቴ ቆሞ ጽዱን አስከረከመኝ። የወንድሜ ሽንት ቤት ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ጓዳ ውስጥ ባልዲ ሆነ።

እንዲያውም ባሰ። አጥራችን አማረና የቀበሌው ሊቀመንበር ቆሞ አደነቀ፣ ይህን መቀስ ማን ሳለው ብሎ ጠየቀ። እናቴ "እኔ ነኝ ጓድ፤ ከባለቤቴ አይቼ ነው" አለች። እሱም የሰፈሩ መቀስ ሁሉ ወደ እሷ እንዲመጣ አዘዘ።

ስለዚህ እናቴ ደጃፉ ላይ ሞረድ በጉልበቷ ይዛ ትቀመጣለች፣ ወንድሜ ጓዳ ሆኖ በሌላ ሞረድ ይስላል፣ እኔ በር በሩን አያለሁ። ሰው ሲመጣ ግድግዳውን እመታለሁ፣ ድምፁ ቀጥ ይላል። እሱ ሥራ አግኝቶ ተረጋጋ። እኔን ግን እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ከመጡት ሁሉ ያስፈሩን አጥር የምንጋራቸው አሮጊት ናቸው። አንድ ልጃቸው ታፍሶ ሄዷል፤ ከሄደ ወዲህ ወሬውም የለም። የእሳቸው ልጅ ጦር ሜዳ የእኛ ጓዳ ሆኖ ቢያዩ ምን ይላሉ ብለን እንሸሻቸው ነበር። መቀሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የተመዘዘች ክር ቆርጠው ሞከሩትና ወደ እናቴ ጎንበስ አሉ።

"ልጁን እጅህ ይባረክ በይልኝ። ሞረዱ ግን እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሲስል ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉለት።"

እጄ ግድግዳው ላይ ቀረ። እናቴ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው።

"የኔው ከተወሰደ ማግስት ጀምሮ" አሉና መቀሱን ነጠላቸው ውስጥ ሸፍነው ወጡ።

እናቴ ተነስታ ሬዲዮኑን ከፈተች። ስለ ዘማቾች የሚዘፈን ዘፈን ነበር። እንባዋን እየጠረገች ድምፁን ከፍ አደረገችው።