ከሰሌዳ የተገለበጠ ቁጥር

ቀራንዮ አካባቢ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይሰጥ ተባለና የእኛም ትምህርት ቤት ተመረጠ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ የኮሌጅ ትምህርት እስከ ሠፈራችን መጣልን ተብሎ ረጅም ንግግር ተደረገ። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ጭብጨባዬን ሳስታውስ እስካሁን ያናድደኛል።

ከትምህርቱ ጋር ዕቃ መጣ። ከሁሉም የሚያስፈልገን ቡሬት ነበር፤ ከሥሩ ትንሽ ቧንቧ ያለው፣ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ የሚለኩበት ረጅም የመስታወት ቱቦ ነው። ሳጥኖቹ በቀጥታ ንብረት ክፍል ገቡ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ዕቃ የሚያወጣ አስተማሪ በስሙ ይፈርማል፤ ተማሪ ከሰበረው ከአስተማሪው ደመወዝ ይቆረጣል። ስድሳ ልጅ በሚተራመስበት ክፍል መስታወት ይዘህ ለመግባት በስምህ ፈርም ማለት አታስተምር ማለት አይደለም ወይ? ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጮህኩ። ዳይሬክተሯ አዳምጠውኝ ሲያበቁ ለበላይ አካል እናሳውቃለን አሉ። ዕቃው የወጣው ጎብኚዎች የመጡ ቀን ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተመልሶ ተቆለፈበት።

ስለዚህ በጠመኔ አስተማርኩ። ቡሬቱን ሰሌዳ ላይ ሳልኩ፤ ጠብታዋን በነጭ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ደግሞ በሮዝ። ቀጥዬ ቀለሙ እስኪለወጥ ከቡሬቱ የወረደውን ፈሳሽ ልክ አጻፍኳቸው፤ ሃያ አራት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሊትር። ልጆቹ ላላዩት ሙከራ ሪፖርት ጻፉ፣ "ፈሳሹ ወደ ሮዝ ሲለወጥ ተመለከትን" ብለው። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "በጣም ጥሩ" እያልኩ አረምኩ።

ከሁሉም የምትጎብዘው ከሳንሱሲ የምትመጣ ልጅ ነበረች። እናቷ ከታመሙ ወዲህ አንድ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፤ የሚያነሣቸውም የሚያጥባቸውም ከእሷ ሌላ ሰው የለም። የኮሌጁን ፈተና ያለፈ ተማሪ እዚሁ አዲስ አበባ እንደሚመደብ ቃል ተገብቶ ነበር። ካላለፈች የት እንደምትጣል አይታወቅም። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ይህን ሁሉ ነገረችኝ፤ እንባ የለ፣ ምን የለ፣ የማንንም ወሬ እንደሚያወራ ሰው።

ፈተናው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጠ። የጽሑፉን ደፈነችው። የተግባሩን ወደቀች። የተግባሩን የወደቀ ደግሞ ጠቅላላውን ወደቀ ማለት ነው።

ውጤት በወጣ ሰሞን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። ቧንቧው አስቸግሯት እንደሆነ ጠየቅኳት። አላስቸገራትም። ቀስ አድርጋ ከፍታዋለች፣ ፈሳሹ ሮዝ ሲሆን ወዲያው ዘግታዋለች። ያነበበችው አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት ነበር።

"ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ሃያ አራት ነጥብ ሁለት" አለች። "እርስዎ ያጻፉን እሱን ነዋ፣ ቲቸር። የኔ ሲለይብኝ ዓይኔ የተሳሳተ መሰለኝ።"

ታክሲ መጣና ተሰናብታኝ ገባች።

በማግስቱ እሳት ጎርሼ ንብረት ክፍል ገባሁ። ሳጥኖቹ አቧራ ለብሰው እንደተደረደሩ ናቸው። ልጅቷን የጣሏት እርስዎ ነዎት አልኳቸው ሽማግሌውን፤ ከዚያም የባሰ ተናገርኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና መዝገባቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ከጎብኚዎቹ ቀን በቀር አንድም ፊርማ አልነበረበትም።

"መምህር፣ እኔ መቼ እምቢ አልኩህ?" አሉኝ። "ፈርመህ ውሰድ ነው ያልኩት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም፤ አንተም ጭምር።"

እውነታቸውን ነው። ስብሰባ ላይ ጮህኩ እንጂ እዚያ በር ላይ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። ሕጉ የማይረባ ሕግ ነው፤ ያወጣው ሰው እኔ ክፍል መጥቶ አንድ ሳምንት ቢያስተምር ደስታዬ ነው። ግን ለደመወዜ ሳስቼ ጠመኔ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያቺን የመሰለች ልጅ የገዛ ዓይኗን እንዳታምን ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር ለስድስት ቡሬት ፈረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ተሰበረ። ከደመወዜ ተቆረጠ አሉ፤ እኔ ግን ሰው እስኪነግረኝ ድረስ መጉደሉን እንኳ ልብ አላልኩም ነበር።

ልጅቷ ሩቅ ተመደበች። አልሄደችም።