የሉዚኔቴ የሚባለው ማንጎ

ዴውዚማር ባሏን ተከትላ ብራዚል ውስጥ ፓልማስ ስትገባ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀይ አቧራ ነበር፣ ካስማ ነበር፣ በካስማው ላይ የተወጠረ ገመድ ነበር። ከተማውን በወረቀት የነደፉት ሰዎች መንገዱን ለመኪና አሰፉት፤ አደባባዩን አበዙት፤ ሰፈሩን ሁሉ ቁጥር ሰጡት። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ትዝም አላላቸው። እንዴትስ ትዝ ይበላቸው? እነሱ የተቀመጡት ማቀዝቀዣ ሥር ነው።

ትዝ ያላት ዴውዚማር ናት። ከደጇ ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ የማንጎ ችግኝ ተከለች። ውሃ በቦቴ በሚመጣበት ዘመን የዕቃ እጣቢዋን ጠብታ ሳታባክን አጠጣችው። ባሏ ሲሞት ለቀስተኛው የተቀመጠው ዛፉ ሥር ነው።

ሉዚኔቴ የመጣችው አስፋልቱ ከተነጠፈ፣ ዛፉም ካፈራ በኋላ ነው። ከሥሩ ጠረጴዛ ዘርግታ የቅልጥም ወጥ መሸጥ ጀመረች። መንገድ ዳር የሁሉም ነውና ማን ይከልክላት? ዴውዚማር ይህንንስ ቻለችው። ያልቻለችው ስሙን ነው።

የሰፈሩ ቁጥር ከተለወጠ ወዲህ አሮጌውንና አዲሱን የማያደባልቅ ሰው የለም። ስለዚህ በዚያ መስመር ሰው የሚቃጠረው በጥላ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ «የሉዚኔቴ ማንጎ፣ ወራጅ አለ?» ይላል። በየቀኑ፣ ዴውዚማር እየሰማች! አንዱን ሾፌር ጠርታ ዛፉን የተከለችው ማን እንደሆነች ብታስረዳው፣ «እትዬ፣ ወጡን አንቺ ብትሠሪው በአንቺ እንጠራው ነበር» ብሎ ስቆባት ሄደ። ማታ ሉዚኔቴ ጠረጴዛዋን አጥፋ ግንዱን መታ መታ ስታደርገው፣ ዴውዚማር በመስኮት እያየች ባሏን የነኩባት ያህል ትንገበገባለች።

ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ በሚብስበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት ሉዚኔቴ ሥጋ ልታመጣ ሄዳ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሻንጣ እየጎተተች በእግሯ መጣች።

«እማማ፣ የሉዚኔቴ ማንጎ ይሄ ነው? እህቴ እዚያ ጠብቂኝ ብላኛለች።»

«እንደዚያ የሚባል ዛፍ እዚህ የለም» አለች ዴውዚማር፣ ዛፉ ሥር ቆማ። «ወደፊት ሂጂ፤ ከአደባባዩ ወዲያ።»

ከአደባባዩ ወዲያ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሴትዮዋ ሄደች። ጥቂት ተራምዳ ደከማትና ከመብራት ምሰሶ ጥላ ገባች፤ ጥላው ከትከሻዋ ይጠባል። ሆዷ ፀሐይ ላይ ቀረ።

ቅናት እዚህ ድረስ ያወርዳል። ከተማውን የነደፉት ሰዎች በወረቀት የሠሩትን ግፍ ዴውዚማር በአንድ ቃል ሠራችው። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄዳ ሻንጣውን ተቀበለቻት።

«ነይ፤ ዋሽቼሽ ነው። ያ ነው…» ቀጣዩ ቃል አልወጣ አላት። ፔኪ የሚባለውን ፍሬ ጠበቅ አድርጎ የነከሰ ሰው በውስጡ የተሸሸገው እሾህ ምላሱ ላይ እንደሚሰካበት ሆነባት። «የሉዚኔቴ ማንጎ ያ ነው።»

ሴትዮዋ ለምን እንደዋሸቻት እንኳ አልጠየቀችም። ከጥላው ሥር ተቀምጣ ዴውዚማር የሰጠቻትን ውሃ ስትጠጣ ሉዚኔቴ ሥጋዋን ተሸክማ ደረሰች። ነፍሰ ጡሯ ማንነቷን ስትሰማ ስለ ጥላው መረቀቻት።

«እኔ ምን ቤት ነኝ ብለሽ? የተከለችው እሷ ናት» አለች ሉዚኔቴ፣ ሥጋውን እያወረደች። «እኔ ወጥ ነው የምሠራው። ስንቴ ነገርኳቸው፣ ማን ሰምቶኝ!»

ዴውዚማር ስንት ዓመት ልትሰማው የጓጓችው ቃል ይኸው ነበር። ግን ሉዚኔቴ ምንም ሳይቆጠቁጣት፣ ጨው አቀብዪኝ እንደማለት በቀላሉ ተናገረችው። አሁን ደግሞ ይህቺ ቅለቷ አስቀናቻት።

አውቶቡሱ መጣ። «የሉዚኔቴ ማንጎ!» አለ ሾፌሩ። ዴውዚማር ከነፍሰ ጡሯ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብላ፣ ውሃ ልትጨምር ወደ ቤቷ ገባች።