የቀኙ አውሬ አፍ

ቶኩጂ እጁን ታጥቦ መጣ። ድንጋይ ሊጠርብ ሲቀመጥም መጀመሪያ እጁን ይታጠብ ነበር። ከአጭሩ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ አለና እንደ መጽሐፍ የምትታጠፈውን የጌም መጫወቻ ከፈታት።

«ደንቡን ድገምልኝ» አለች ልጁ ቺዙሩ።

«አንድም ስህተት አይኖርም። ሰዓቱ ሳያልቅ እጨርሳለሁ። ከጨረስኩ እስከ አዲስ ዓመት እዚሁ ቤቴ ነኝ።»

«ካልሆነስ?»

«ናጎያ፣ አንቺ ቤት።»

«ዛሬውኑ።»

«ዛሬውኑ አልኩ እኮ! እንደ ደላላ አትነዝንዢኝ።»

ጎረቤታቸው ኡሜኖ በጨው የዘፈዘፈችውን ደበርጃን ልታደርስ ብቅ ብላ ነበር። ምስክር ሁኚ ተባለችና ቀረች። «ጋሼ ቶኩጂ፣ እሷ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው ምን ሊጠርቡ ነው? ግድግዳውን?»

«አንቺ ደበርጃንሽን ብዪ።»

ነገሩ የመጣው ከድስት ነው። በመጋቢት ቶኩጂ ድስት ጥዶ ጓሮ ወዳለው የድንጋይ መጥረቢያ ቤቱ ወጣ። ሲመለስ የወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ጣሪያው ጠቁሯል። ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ «አጥፍቼ ነው የወጣሁት» አላቸው። ለቺዙሩም፣ መርሳት ጀምሯል ብላ ወስዳ ላሳየችው ሐኪምም ይህንኑ አለ። ማንም አላመነውም። ምድጃው እንደሆነ አዲስ ነው፤ አሮጌውን አስጥላ ከእሳቱ ጥቂት ቀደም ብላ የገዛችለት ራሷ ቺዙሩ ናት። ሐኪሙ አእምሮውን ያሠራው ሲል ደግሞ ጌሟን ገዛች።

በመጀመሪያው ቀን ቶኩጂ ስቆባት ነበር። «ድንጋይ ላይ ቁጥር የሚጽፍ ጠራቢ አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ከእጁ አላወጣትም።

መቆየት የፈለገው ለቤቱ ብሎ አይደለም። ጓሮው ውስጥ በሰማያዊ ሸራ የተሸፈነ ሥራ አለው፤ ለኮረብታው ቤተ መቅደስ በር የሚቆሙ ጥንድ ጠባቂ አውሬዎች። የግራው አልቋል። አፉ ግጥም ያለ ነው። የቀኙ ጋማውም፣ ጅራቱም፣ ጥፍሩም ወጥቶለት የቀረው አፉ ብቻ ነው። የቀኙ አፍ መከፈት አለበት፤ ድንጋይ ጠራቢዎች በሞሉባት በከተማቸው በኦካዛኪ መሮ የጨበጠ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቶኩጂ ዛሬ ከሄደ ያን አፍ ወይ ማንም አይከፍተውም፣ ወይ የሌላ ሰው እጅ ይከፍተዋል።

«ጀምር» አለች ቺዙሩ።

በጌሟ መስኮት ላይ ግራጫ ጥርብ ድንጋይ ቆመ። ከትንንሽ ኩቦች የተገነባ ነው፤ በጎን በጎናቸው ቁጥር አለ። ቁጥሩ በዚያ ረድፍ ስንት ኩብ እንደሚተርፍ ይናገራል። የቀረው ይሰበራል፤ ከውስጡም የአንድ ነገር ቅርጽ ይወጣል። መትረፍ የነበረበትን የነካ ሰው ኩቡ ይሰነጠቅበታል፣ ስህተቱም ይቆጠርበታል።

ቶኩጂ መጀመሪያ ዜሮ ያለባቸውን ረድፎች በፕላስቲኩ ብዕር ጠራርጎ ጣለ። ከዚያ ድንጋዩን አዞረ። ቆጠረ። ሰበረ። አዞረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ውጭ ዛፎቹ ላይ ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት እንደ መጋዝ ይጮኻሉ።

«ሰውዬው ላብ በላብ ሆነ» አለች ኡሜኖ።

«እሽሽ!» አለች ቺዙሩ። እየቀነሰ የሚሄደውን የጌሟን ሰዓት እያየች ነበር።

እግሮቹ ወጡ። ጅራቱ ወጣ። ቶኩጂ በአንዱ ረድፍ ላይ ተጠራጥሮ ብዕሩን በአየር ላይ አቆመ። ድንጋዩን ገልብጦ ከሥር አየው፤ ቁጥሩ አራት ነው። ብዕሩን መለሰና ሌላኛውን ሰበረ። ትክክል ነበር። ቺዙሩ ትንፋሿን ለቀቀች። አባቷ እንዲያሸንፍ ትፈልግ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ከዚያ ጋማው ወጣ። ቁጭ ያለ አውሬ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ።

ቶኩጂ ፈገግ አለ። «አንተ ነህ እንዴ?»

ከዚህ በኋላ እጁ ፈጠነ። ድንጋዩን ማዞር ተወ። ከንፈሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። ብዕሩ ትከሻውን ፈልፍሎ አወጣ፣ ጆሮውን ቀረጸ፣ አንድም አልሳተም። ይህን አውሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሊሠራው ይችላል። ሰዓቱ እየተጣበበ ነው፤ እጁ ግን ከሰዓቱ ቀድሟል።

ቺዙሩ መቁጠሩን እንዳቆመ አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምስክሯን አየችና ዘጋችው። ደንብ ደንብ ነው።

ጭንቅላቱ ላይ ቀንድ የለም። ቀንድ ያለው የግራው ነው፤ እንግዲያው ይህ የቀኙ ነው። ቶኩጂ ብዕሩን ከአውሬው አፍንጫ ሥር አሳረፈና አፉን ከፈተ።

ኩቡ ተሰነጠቀ።

ከዚያ ኡሜኖ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እኔ ምንም አላየሁም። መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።»

«መነጽርሽ ዓይንሽ ላይ ነው» አለ ቶኩጂ።

የቀሩትን ኩቦች አሁን በዝግታ፣ እየቆጠረ ሰባበረ። መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ቀለም ለበሰ፤ ወርቃማ ሆነና ጅራቱን ወዘወዘ። ከሥሩ ስሙ ተጻፈ። አንበሳ። አፉን የዘጋ ተራ አንበሳ።

«አንበሳ!» አለች ኡሜኖ። «ታዲያ ጠባቂያችንን ነው የሚመስለው እኮ! እኔም ብሆን አፉን ነበር የምከፍተው። ይሄ ስህተት አይባልም።»

«ቁጥሩ እዚያው ነበር» አለ ቶኩጂ። «ጎኑ ላይ። አላየሁትም።»

ቺዙሩ ጌሟን ወደ ራሷ ሳበች። «አባዬ፣ ይቺን አንድ... እንዳልተቆጠረች ልናደርጋት እንችላለን።»

«ትዝ ይልሻል ያ ረዳቴ? የጠባቂውን ጆሮ ሰብሮ በሙጫና በድንጋይ ዱቄት ያጣበቀው?»

ትዝ ይላታል። ልጅ ነበረች። አባቷ ሥራውን በሙሉ በትልቁ መዶሻ አድቅቆ ከአዲስ ድንጋይ ሲጀምር በበሩ ቀዳዳ አይታለች።

ቶኩጂ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ቺዙሩ ተከተለችው። አዲሱ ምድጃ ፊት ቆሞ ነበር። እሳቱን ለኮሰ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በእጁ ብቻ ቁልፉን ያዘና ወደ ግራ ጠመዘዘው። ዞር ብሎ ተመለከተ። እሳቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም። በሰማያዊ ቀለበት ዝቅ ብሎ ይነዳል።

«አሮጌው በግራ ነበር የሚጠፋው» አለ።

ቺዙሩ እሳቱን አየች፣ ከዚያ አሁንም ጥቁረቱ ያልለቀቀውን ግድግዳ። «ስለዚህ ረስተህ አልነበረም! አባዬ፣ አጥፍቼዋለሁ ስትል የነበረው እኮ...»

«እጄ አጥፍቶታል። እኔ አላየሁም።»

«ታዲያ መርሳት ካልሆነ ለምን ትሄዳለህ? ምድጃውን እንቀይረው፤ በቃ።»

«መርሳት ቢሆን ይሻል ነበር» አለ። «የሚረሳ ሰው ይጠራጠራል፤ ተመልሶ ያያል። እኔ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።»

ቁልፉን ዓይኑን ሳይነቅል ወደ ቀኝ አዞረው። ጎንበስ ብሎ እሳቱ መጥፋቱን አየ። ከዚያ ልብሱን ሊሸክፍ ወጣ።

ኡሜኖ ደበርጃኑን ለመንገድ ስትቋጥርላቸው ቶኩጂ ሻንጣውን ይዞ ጓሮ ቆሞ ነበር። ሸራውን ገልጦ የቀኙን አውሬ ያያል። ቺዙሩ አጠገቡ መጥታ ቆመች። የአውሬው ከንፈር ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አለ።

«ሌላ ጠራቢ እንጥራ?» አለች ቀስ ብላ።

«አይሆንም። እሑድ እሑድ ታመጪኛለሽ። እኔ እመታለሁ፤ አንቺ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ እጄን ታያለሽ። መስመሩን ሳላይ ከመታሁ ትጮኺብኛለሽ።»

«እኔ ስለ ድንጋይ ምን አውቃለሁና?»

«አታውቂም» አለ ቶኩጂ። «ለዚህ ነው አንቺን ያልኩት።»

ሸራውን መለሰ። አራቱንም ጫፍ አሰረና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየተመለከተ ዞራቸው።