እግር የሌለው ሸማኔ

ለሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት ሽልማት ዳኛ እንድሆን የጠሩኝ ለእውቀቴ ብለው አልነበረም። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የአርባ ምንጭ ሰው ይሁን ተብሎ ነው። ሥዕል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ወንበር ለማሞቅ እንደማልመጣ ግን አላወቁም።

የሠዓሊዎቹ ስም ተሸፍኖ መጻሕፍቱ በቁጥር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንደኛ የወጣው ታትሞ ለዞኑ ትምህርት ቤቶች ይታደላል፤ የቀረው በእጅ እንደተሠራ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አራተኛውን ስገልጥ እጄ ቆመ። በሽመና ላይ ያለ አባት ከወገቡ በላይ ብቻ ተስሏል። አጠገቡ አንዲት ድመት አንገቷን ወደ ታች አስግጋ ታያለች።

ሰብሳቢያችን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የተማሩና ጨዋ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ቀለሙ ግሩም ነው፤ ግን ሰውዬው እግር የለውም። አሳሳል ያልተማረ ሰው ሥራ ነው" አሉና ከአሥር ሦስት ሰጡ። ሌላኛዋ ዳኛ፣ ወጣት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ እሳቸውን አየት አድርጋ ሦስት ጻፈች።

ደሜ ፈላ። ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ ባለችው ጨንቻ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ስዬ ነበር፤ አባቴን። የእኛ አገር ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ከትቶ ነው መርገጫውን የሚረግጠው። ከሰሜን የመጡት መምህራችን ግን ደብተሬን ከፍ አድርገው፣ "አባቷ እግር የለውም እንዴ?" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት ሁሉ የሸማኔ ልጆች ነበሩ! እኔም ፈርቼ ሁለት ቀጫጭን እግር ቀጠልኩለት፤ ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ። በዚያ ዘጠኝ እስከዚያች ቀን ድረስ አፍር ነበር።

"ሰብሳቢያችን፣ ድመቷ ምን እያየች ነው?" አልኳቸው።

መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። "መሬቱን ነዋ።"

"ድመት ባዶ መሬት ለማየት እንዲህ አንገቷን ታሰግጋለች?"

መጽሐፉን መልሰው አስቀመጡት። እኔ ግን አልተውኳቸውም። ነጥቡ ከመደመሩ በፊት ጨንቻ ደርሰን እንምጣ አልኩ።

"መምህርት፣ ለአንድ ሥዕል ተራራ እንውጣ ነው የሚሉኝ?"

"መኪናው እንደሆነ ደጅ ቆሟል።"

ወጣን። ሰብሳቢው ሹራብ አልያዙም ነበርና ጨንቻ ስንደርስ ጉሙ አንዘፈዘፋቸው። የማውቀው ሸማኔ በረንዳው ሥር ሆኖ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይወረውራል። በጋሞኛ የመጣንበትን ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀና ከጉድጓዱ ወጥቶ ለሰብሳቢው በአማርኛ፣ "ና ተቀመጥ፣ አንተ። እግርህን አስገባ" አላቸው።

ጫማቸውን አውልቀው አፋፉ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውንም ወደ ውስጥ ሰደዱ። መርገጫውን ሲረግጡት ድሩ ከፍ ዝቅ አለ። እኔ ፈንጠር ብዬ አየኋቸው፤ ከወገባቸው በላይ ብቻ ቀርተዋል። ወጣቷ ሳቋን ማፈን አቃታት። እሳቸውም ወደ ታች አዩና ገባቸው።

"እኔም ከአሥር ሦስት ነኝ ማለት ነው" አሉ።

ከዚያው ሳንወርድ ነጥባቸውን ሰርዘው አሥር ጻፉ። ወጣቷም በዚህኛው ጊዜ ማንንም ሳታይ ጻፈች። አራተኛው መጽሐፍ አንደኛ ወጣ። ስሙ ሲገለጥ ሠዓሊዋ የጨንቻ መዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ የሸማኔ ልጅ ሆና ተገኘች። መድረኩ ላይ ሳቅፋት ከእሷ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ያለ ደስታ ነበር!

በኋላ እንደሰማሁት አታሚው ደውሎ፣ "ሰውዬው እግሩ ተቆርጧል፣ እንጨምርለት?" ብሎ ነበር። ሰብሳቢያችን፣ እኚያ ጨዋ ሰው፣ "እንዳትነካው!" ብለው ጮኹበት። ለእኔ በሁለተኛ ክፍል እንዲህ የጮኸልኝ አልነበረም።

አሁን መጽሐፉ በዞኑ ሁሉ፣ ከካምባ እስከ ላንቴ በየትምህርት ቤቱ አለ። አንድ ቅጂ እኔም ቤት አለኝ። ያንን ገጽ ስገልጥ የማየው አባቴን ነው፤ እግሩ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ማንም አልቀጠለለትም።