የማክሰኞው ባለካኪ

ሙሉብርሃን ሰውየውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነችውም። በናዝሬት ሐሩር እስከ አንገቱ የተቆለፈ ካኪ ኮት ለብሶ፣ የስድስት ዓመት ልጅ አዝሎ ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያው ይመጣል። የልጅቷ ገላ ፍም መስሎ ቀልቶ መግል ቋጥሯል። ሐኪሙ እንኳ እንዲህ ያለውን የቆዳ በሽታ ልጅ ላይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «አይጋባም፤ ቅባቱ ግን አንድ ቀን እንዳይዘለል» ብሏል።

ሙሉብርሃን ነርስ ናትና ስንቱን አይታለች። የታመመ ልጅ ተውሶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚለምን አይጠፋም፤ ልጁ ከዳነ የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ ማለት ነው።

«ምንህ ናት?»

«ልጄ።»

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

በሩን አየት አደረገ። «ከመቂ።» ባለፈው ማክሰኞ አቦምሳ ብሎ ነበር።

ወንበር ስትሰጠው ልጅቷን ያስቀምጥና እሱ እጁን አጣምሮ ይቆማል። ዛሬም እንደዚያው። የልጅቷ ክንድ ግን ደርቆ ቅርፊቱ መርገፍ ጀምሯል። ሙሉብርሃን የእግሯን ፋሻ ስትፈታ ልጅቷ አለቀሰች። ሰውየው ተንበረከከ።

«አይዞዎት እሜቴ፣ ትንሽ ይታገሱ።»

ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ። የሙሉብርሃንም እጅ ፋሻው ላይ ቀረ። አብዮቱ መጥቶ መኳንንቱ ተወርሰው ከታሰሩ ወዲህ እንዲህ ያለ አነጋገር ከሰማች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

የቀበሌ ተመራጭ የሆነው ጸሐፊ ከወዲያ ጠረጴዛ መዝገቡን ገልጦ፣ «ሰውየው ምኗ ነው?» አለ።

«አባቷ» አለች ሙሉብርሃን። ከዚያ ቅባቱን በሁለት እጇ እያቀበለችው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ ሰው ፊት ‹አንቺ› ማለት ይልመዱ።»