ታጥቦ የማያውቀው ድስት

ባለፈው ሳምንት ማውንተንስ ኤጅ የሚባለው ሰፈር ወዳለው የኬቨን ሬስቶራንት ስምንት ባልዲ የቻይና ሶስ ዴሊቨሪ ይዤ ሄድኩና፣ የአንዱ ባልዲ ክዳን መንገድ ላይ ተላቆ ስለነበር ልገጥመው ጎንበስ ስል ሽታው ፊቴ ላይ ተደፋ፤ ስኳር፣ ጨው፣ ከዚያም ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ። ይህን ሶስ ሃያ ዓመት ስሸጥ አንድ ቀን አሽትቼው አላውቅም ነበር፤ ነጋዴ የሚሸጠውን ሁሉ ማሽተት ከጀመረ ሱቁን ይዘጋል። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የአባቱ የአንክል ሊያንግ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ «ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ጣዕም» ተብሎ ተጽፏል። ደረሰኙን አስፈርሜ ወጣሁ፤ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍቼ ብነዳም ሽታው አልተወኝም።

ላስ ቬጋስ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ እናቴ ደግሞ አንድ አሮጌ ፕላዛ ውስጥ ጠባብ የቅመም ሱቅ ተከራየች፤ ከጎናችን ቻይናዊው አንክል ሊያንግ ዳክዬና የአሳማ ሥጋ እየቀቀሉ ይሸጡ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለነበር የእኛ በርበሬ እነሱን ያስነጥሳቸዋል፣ የእነሱ ድስት ደግሞ ቀረፋውን፣ ዝንጅብሉን፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጩንና ያንን ኮከብ የመሰለ ቅመማቸውን እያመጣ ልብሳችን ላይ ይለጥፍብናል። እናቴ የደሴ ሙስሊም ናት፤ የአሳማው ነገር አንሷት፣ ድስቱ ታጥቦ እንደማያውቅ ስትሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ጥቁር መረቅ የመጣው ከአንክል ሊያንግ አባት ቤት ነው፤ አንክል ሊያንግ በወጣትነታቸው ከሳን ፍራንሲስኮ በአውቶቡስ ሲመጡ በጠርሙስ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡት። በየቀኑ ሥጋ ይበስልበታል፣ ስቡ ይገፈፋል፣ ይጠለላል፣ ውሃና ቅመም ይጨመርበታል፣ ደግሞ ይፈላል፤ ተደፍቶ ግን አያውቅም። በአዲስ ዓመታቸው ሱቁ ሲዘጋ እንኳ እሳቸው ብቻቸውን መጥተው ያፈሉታል። እናቴ በበሩ አልፋ ስትሄድ «ይሄ ድስት ነው ወይስ ኩሬ?» ትላለች፣ አንክል ሊያንግ «ምን አለች?» ሲሉኝ እኔ «ሽታው ደስ ይላል አለች» እላለሁ። የመጀመሪያ ንግዴ እሱ ነው።

ልጃቸው ግሬስ ከእኔ ጋር ትማር ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት የመረቁን ስብ ስለምትገፍፍ ፀጉሯ ቀረፋ ቀረፋ ይላል፤ እኔ በርበሬ በርበሬ እላለሁ፤ ከሁለታችን አጠገብ የሚቀመጥ ስለሌለ አብረን ተቀመጥን። እንፋሎቱ ላይ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ፣ ሳትቀምስ፣ «ዝንጅብል አንሶታል» ትላለች፤ አባቷም ዝንጅብል ይጨምራሉ። ታናሽ ወንድሟ ኬቨን ወደ ኩሽና ብቅ ካለ ግን «ወደ መጽሐፍህ!» ተብሎ ይባረራል። ወንድ ልጃቸው ስብ ስብ እንዳይሸት የለፉ አባት ነበሩ።

ካደግን በኋላ ሱቁን ለኬቨን ፈረሙለት። ሴት ልጅ ነገ ሰው ቤት ትገባለች፣ አሉ። ግሬስ አልተጣላችም፤ አዲስ ድስት የምትጀምርበት አንድ ጠርሙስ መረቅ ብቻ ለመነች። «ከዚህ ቤት አይወጣም» አሏት። ካዚኖ ገብታ ካርታ ማደል ጀመረች።

በሐምሌ አንክል ሊያንግ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በነጋታው ግሬስ ከሺፍት ወጥታ በዩኒፎርሟ ሱቃችን መጣች። ጎረቤት ነንና የእነሱ የኋላ በር ቁልፍ እኛ ዘንድ ይቀመጥ ነበር።

«ቁልፉን ስጠኝ፤ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ እወጣለሁ። ኬቨን አያፈላውም፣ አውቀዋለሁ።»

«ግሬስ፣ በቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አታስገቢኝ» አልኳት።

«አንተ ድሮም ለሁለቱም ወገን የሚጥመውን ነው የምትናገረው» ብላኝ ሄደች። እውነቱ ሌላ ነው። ለሬስቶራንቶች ዕቃ ማከፋፈል ገና መጀመሬ ነበር፤ ኬቨን ደግሞ የመጀመሪያ ደንበኛዬ እንደሚሆን ቃል ገብቶልኛል።

ኬቨን እሳቱን አጥፍቶ ሱቁን ሦስት ቀን ዘጋ። ሲከፍተው መረቁ ነጭ አረፋ ደፍቆ እንደ በድን ይከረፋ ነበር። ባልዲ በባልዲ እያወጣ ከኋላ፣ ቆሻሻ መጣያው ሥር ደፋው፤ የሐምሌ አስፋልት ደግሞ እንደገና ቀቀለው። ዝንቡ ለሁለት ሳምንት አልለቀቀንም። ድስቱን በበረኪና አሽቶ መስታወት አስመሰለው፤ ከዚያም በመረቁ ፋንታ የመጀመሪያዋን ባልዲ ሶስ አዘዘ። ከእኔ።

አንክል ሊያንግ ከሆስፒታል ሲወጡ የእጃቸውን የፕላስቲክ አምባር እንኳ ሳይቆርጡ ቀጥታ ወደ ድስቱ ሄዱ። ዕቃ ላወርድ መጥቼ እዚያው ቆሜ ነበር። ክዳኑን አነሱ፣ አሸተቱ፣ መለሱት። ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ።

«እህትህን ጥራት» አሉት ኬቨንን። «የወሰደችውን ታምጣ።»

«ባባ፣ ምንም አልወሰደችም። እርስዎ ከልክለዋት የለም እንዴ?»

«እኔንም አባቴ ከልክሎኝ ነበር። ሰርቄ ነው የመጣሁት። ልጄ አይደለችም?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ መረቅ በፊርማ ተላልፎ አያውቅም፤ የተላለፈው ትእዛዝ ጥሶ በሚወስደው ሰው ነው። እሳቸው «አይወጣም» ሲሉ እንድትሰርቃቸው እየጠበቁ ነበር፤ እሷ ልትሰርቅ ስትመጣ እኔ ጨዋ ሆንኩባት።

ግሬስ ሺፍቷን አቋርጣ፣ ጥቁር የቢራቢሮ ከረባቷን እንዳሰረች እየበረረች መጣች። አባቷ መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው። ባዶ መሆኑን ካዩ በኋላ ነው ፊቷን ያዩት።

«እንዲህ ታዛዥ አድርጎ ማን አሳደገሽ?» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አፏ ላይ ስሜ ነበረ። አልጠራችውም። ወደ እኔም ዞር አላለችም፤ እንኳን ያን ቀን፣ ከዚያም ወዲህ ዞር ብላ አይታኝ አታውቅም። የሁለት ትውልድ ዕድሜ የነበረው መረቅ፣ ሃይማኖቴ ከልክሎኝ አንድ ጠብታ እንኳ ያልቀመስኩት መረቅ፣ በአንድ ጠርሙስ ይተርፍ ነበር፤ እኔ ግን ደንበኛ አተረፍኩ። ደንበኛዬ ዛሬም አለ፤ በየሳምንቱ ያዛል።