ማንም ያልሰገደበት መስገጃ

እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿና ከአባቴ ካፖርት በታች፣ ማንም ያልሰገደበት መስገጃ አለ። እናቴ ፆም የማታጓድል ክርስቲያን ናት። መስገጃውን ከሚዛን ተፈሪ ገበያ በገዛ እጇ ገዝታ በላስቲክ ጠቅልላ ካስቀመጠችው ወዲህ የእኔም ፀጉር ሸብቷል። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ሰፈሩ ስለለመደው ማንም አይጠይቃትም። እኔ ግን ያንን አረንጓዴ ጨርቅ አጥሩ ላይ ባየሁት ቁጥር ልጅነቴ ከነሽታው ይመጣብኛል፤ ከነቂሙም።

ያደግሁት እንግዳ በሚያድርበት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ሚዛን ተፈሪ የቀረ ጸሐፊ ነበር። ሲሞት ለእናቴ የተረፍናት መንገድ ዳር ያለው ቤትና እኔ ነበርን። ቤቱን በጣውላ ከፋፍላ አራት ክፍል አወጣችና «አሰለፈች መኝታ ቤት» የሚል ቆርቆሮ ሰቀለችበት። ደርግ ወድቆ መንገዱ በነጋዴ የተሞላበት ጊዜ ነበር። የሚያርፉብን ቡና ገዢዎች፣ የአይሱዙ ሾፌሮች፣ ከማጂና ከቱም ለጉዳይ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ግቢያችን እርጥብ ጆንያ፣ ኮረሪማና ናፍጣ ይሸት ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ሲጀምር ትልልቆቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ በረንዳው ላይ ከጆንያ በሾለከ ቡና ገበጣ እንጫወታለን።

ከደንበኞቹ ሁሉ የእኔ የምለው ጋሽ አወል ነበር። ከጅማ በኩል ጨርቃ ጨርቅና ሳሙና አምጥቶ፣ ኮረሪማና ማር ገዝቶ የሚመለስ ነጋዴ ነው። በገበያ ዋዜማ ይመጣል፤ የሚያርፈውም መስኮቱ ወደ ጓሮው ሙዝ በሚያሳየው ክፍል ነበር። ክፍሉ የእሱ ነው ያለ ሰው የለም፤ የእሱ እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ሲሄድ መስገጃውን ጠቅልሎ፣ ለሶላት የሚታጠብበትን ማንቆርቆሪያ አጠገቡ አስቀምጦ «አሰለፈች፣ አደራ» ይላታል። «ይሂዱ፣ ማን ይነካብዎታል» ትለዋለች። ሽሮ የምትሠራለት ድስትም ለብቻው ነበር፤ ክርስቲያን ያረደው ሥጋ ነክቶት አያውቅም። የሶላቱ ሰዓት ሲደርስ እናቴ ሳትጠየቅ ሬዲዮኗን ዝቅ ታደርጋለች። ይህን ሁሉ ያኔ መቻቻል ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ቃሉ የመጣው ነገሩ ከሄደ በኋላ ነው።

ለእኔ የሚያመጣልኝ ከረሜላ አልነበረም። የጅማ ሱቆች ስኳር የሚጠቀልሉበትን የአሮጌ መጽሔት ገጽ እየለመነ ያጠራቅምልኛል። ማንበብ ያውቃል፤ ሰው ሲያነብለት ግን ለመከራከር ይመቸዋል። ከሰዓት በኋላ ዕቃውን አራግፎ ሲያበቃ በረንዳው ላይ ይቀመጥና «እስቲ አንብቢልኝ፣ ምን ይላሉ አዋቂዎቹ?» ይለኛል። መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው፣ ስኳር የተጣበቀበት ጽሑፍ ነው። እሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በነፃ አያሳልፍም። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ሰውዬ ገበሬ አይቶ ያውቃል?» ይላል። ወይም ደግሞ «ይሄኛው ዋሽቷል፤ ውሸቱን ድገሚልኝ እስቲ።» ዛሬ የተጻፈን ነገር ሁሉ የምጠራጠረው ለምን እንደሆነ የሚጠይቁኝ ሰዎች የገባሁበትን ዩኒቨርሲቲ ይወቅሳሉ። ዩኒቨርሲቲው የለበትም። የተማርኩት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ከዚያ ፈረንጆቹ መጡ። ፒተርና ሚስቱ ከሆላንድ ነበሩ፤ ወደ ማጂ ሊወጡ ሲሉ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶባቸው ሚዛን ላይ ቀሩ። ትልልቅ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው በራችን ላይ ቆሙ። ከኋላቸው የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ተሰልፏል። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ጳጳስ ቢመጣባት እንኳ እንደዚያ የምትደነግጥ አይመስለኝም።

የመስኮቱ ክፍል ተሰጣቸው። አንሶላው አዲስ ነበር፣ ትራሱ የእኔ። ውሃ ይፈላላቸዋል፣ ይቀዘቅዝላቸዋል፣ ገላቸውን እንዲታጠቡ ደግሞ እንደገና ይፈላላቸዋል። ዶሮ ይታረድላቸዋል። ጎረቤት ሁሉ እንቁላል የሚሸጥ እየመሰለ ሊያያቸው ይመጣል። ሳይሰነብቱ እናቴ ቀለም ቀቢ ጠርታ ቆርቆሮው ላይ «ዓለም አቀፍ» የሚል አስጨመረችበት። ቦታው ስላልበቃ «አቀፍ» የሚለው ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ወደ ታች ዘንበል ብሏል። ዓለም ማለት እንግዲህ ሁለት ሰው ነበር።

በገበያው ዋዜማ ጋሽ አወል መጣ። እኔ ቀድሜ አይቼው ሮጥኩ። ገጾቹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና ወደ ክፍሉ አመራ። በሩ ላይ የፈረንጅ ካልሲ ተንጠልጥሏል። እናቴ ከኩሽና ወጣች።

«ጋሽ አወል፣ እንኳን ደህና መጡ። እንግዳ መጥቶብኝ ነው፤ ለዛሬ የኋላውን ክፍል ይያዙልኝ።»

የኋላው ክፍል ከሽንት ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«እንግዳ?» አለ። «እኔ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎማ ቤተኛ ነዎት።»

ፈገግ አለ። ያኔ ያመሰገነችው መስሎኝ ነበር። ቤተኛ ማለት ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነሣ ሰው እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«መስገጃዬስ?»

እናቴ ወደ እንጨት ማስቀመጫው ተመለከተች። ሮጬ ገባሁ። መስገጃው ከነማንቆርቆሪያው ፍልጡ ላይ ተጥሏል፤ ለፈረንጆቹ የሚታረዱት ዶሮዎች አድረውበታል። ይዤለት ስወጣ ተቀበለኝ፣ ገለጠው፣ አየው። ከዚያ ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ መልሶ ጠቀለለው፤ እናቴ እንዳታፍር ይሁን እሱ ደግሞ እንዳያየው አላውቅም። «ይታጠባል» አለ። የሚቀመጥ መስሎኝ ተንፈስ አልኩ። ነገር ግን ቀና ሲል በኩሽናው በር በኩል ምድጃው ላይ የተጣደውን ድስት አየ። የእሱ ድስት ነበር። የዶሮ ወጡ ሽታ በረንዳው ድረስ ይመጣል።

«ደህና ሁኚ፣ አሰለፈች» አለና መስገጃውን በብብቱ ይዞ፣ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ።

«ጋሽ አወል፣ ዝናቡ እንኳ ያባራ» አለች ከኋላው። አልዞረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታች፣ መስጊዱ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ማደር ያዘ። እናቴ «አኩርፈው ነው፤ ይመለሳሉ» አለችኝ። እኔ አኩርፌ ስንት ቀን እንዳላናገርኳት አላስታውስም። እሷም አታስታውስም፤ ውሃ እያፈላች ስለነበር አላስተዋለችም።

መንገዱ ደርቆ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ፒተር አንድ አነስ ያለ ቦርሳ በሁለት እጁ ለእናቴ አስረከባት። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። እኛ ዘንድ ግን በሁለት እጅ የተሰጠ፣ ደረት የተነካበት ዕቃ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። «ሲመለስ ይወስደዋል፤ አደራ ነው» አለች። ቦርሳው ቁም ሳጥን ውስጥ ገባና ተቆለፈበት፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታሰረ። በየመስከረሙ ፀሐይ ይመታል፤ ዚፑ ግን አልተከፈተም። አንድ ክረምት ጎርፍ ቤታችን ሲገባ መጀመሪያ ያወጣችው ቦርሳውን ነው። ቀጥሎ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ አወልን በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አገኘው ነበር። ገጾቹን ማምጣት አላቆመም። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጥቂት አነብለታለሁ። «እናትሽ ደህና ናት?» ይላል። «ደህና ናት» እላለሁ። ከዚያ ወደ ውሸታሞቹ እንመለሳለን።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ መናኸሪያው አጠገብ ሴራሚክ የለበሰ አዲስ ሆቴል ተከፈተ። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አሰለፈች፣ ፈረንጅሽ መጥቶልሻል። አዲሱ ሆቴል ነው ያለው» አለች። ዜናውን እያጣጣመች ነበር የምትናገረው።

«ቤቱ ጠፍቶበት ነው» አለች እናቴ። ዶሮ ታረደ። ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። በማግስቱ ጠዋት የበዓል ቀሚሷን ለበሰች፣ ቦርሳውን በነጠላ ሸፈነችና «እንግሊዝኛሽን ይዘሽ ተነሺ» አለችኝ።

ፒተር ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ እየበላ ነበር። አወቃት፤ ተነሥቶ አቀፋት። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችለትን ቦርሳ ግን አላወቀውም። ነጠላው ተገልጦ ሲያስታውስ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። የሚለውን ለእናቴ ነገርኳት።

«ሸክም ለመቀነስ ነው ለእናንተ የተውኩት ይላል። ለምን አልለበሳችሁትም? ካልሆነም ለምን አልጣላችሁትም? ነው የሚለው።»

«ሻጋታ እንዳይበላው በየዓመቱ ፀሐይ አስመታው ነበር በይው።»

አልኩት። በጣም ደግ ሴት ናት አለ።

«ለምን ቤቴ አላረፍክም በይው።»

ይህን ስጠይቀው አፈር አለ። ቤታችሁ በጣም ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን ዕድሜዬም ገፍቷል፣ እዚህ ሙቅ ውሃ አለ አለኝ።

«ሙቅ ውሃ ስላለ ነው» አልኳት።

«አፈላለት ነበር እኮ» አለች፤ እሱንም እኔንም ሳታይ።

ቦርሳውን ተሸክመን ተመለስን። ለምን እዚያው እንዳልተውነው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዚፑ ዝጎ አልከፈት ሲላት በቢላ ቀደደችው። ሶሉ የተላቀቀ ጫማ፣ ክርኑ የተበሳ ሹራብ፣ የዛገ የጣሳ መክፈቻ፣ ተጨምቆ ያለቀ ቅባት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። ለጋሽ አወል ብድሩ የተመለሰለት ስለመሰለኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።

«ጋሽ አወል አሁንም ታች ነው የሚያርፉት?» አለችኝ፤ ከዚያ ዝናብ ወዲህ ስሙን ስትጠራ የሰማሁት ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ አረንጓዴ መስገጃ ገዛች። «ልውሰድላቸው?» አልኳት። ሻይ ቤቱ ቁልቁለቱን ወርዶ እዚያው ነው።

«ራሳቸው ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ።»

ገበያ ውስጥ ሲተላለፉ ግን እሷ መሬት መሬት ታያለች፤ እሱ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ያልፋል። የቀራት አንድ ቃል ነበር። ለማያውቃት ሰው ስንት ዓመት ቦርሳ የጠበቀች ሴት፣ ለሚያውቃት ሰው አንድ ቃል አነሳት። ጋሽ አወል ጉልበቱ ሲደክም በእሱ ፈንታ ልጁ መምጣት ጀመረ። በኋላ ልጁም ቀረ።

አሁን ሚዛን ስሄድ የማርፈው ሆቴል ነው። የእናቴ መኝታ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ክፍሎቹን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋቸዋል፤ ቆርቆሮው የዶሮ ቤት ክዳን ሆኗል፣ «ዓለም» የሚለው አሁንም ይነበባል። ሆቴል ውስጥ ዕቃ ስታስቀምጡ ቁጥር ይሰጧችኋል። ጓደኞቼ ይህን አይወዱትም፤ ድሮ እኮ መተማመን ነበር፣ እንግዳ ተቀባይነታችን ጠፋ እያሉ ያዝናሉ። እኔ ማንን ነበር የምንቀበለው ብዬ እጠይቃቸውና ጨዋታውን አበላሻለሁ። ቁጥሩ ቢያንስ ፊት አይቶ አያበላልጥም። ይህን ብዬ ስጨርስ ግን ያ ጆንያና ኮረሪማ የሚሸተው በረንዳ ይናፍቀኛል፤ የትኛውም ሆቴል ውስጥ «ውሸቱን ድገሚልኝ» የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው መስከረም እናቴን ልጠይቅ ስሄድ መስገጃው አጥሩ ላይ ነበር። እርጅና ስለያዛት አወረድኩላት። ቀለሙ እንደ አዲስ ነው፤ የታጠፈበት መስመር ብቻ ነጣ ብሏል።

«እማዬ፣ ለምን ለታች ሰፈር ሰዎች አትሰጪውም? ይስገዱበት» አልኳት።

«የሰው አደራ አይሰጥም።»

«ማን ነው አደራ ያለሽ? ራስሽ ገዝተሽው?»

መስገጃውን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና አስተካክላ ጠቀለለችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።